ጅብ ቢመጣ ምን ያደርጋል?

ቅዳሜ ማታ፣ ቢቸና፣ ቤተሰብ ጋ ነኝ። መብራት ጠፍቷል፣ ስልኬ 31 ፐርሰንት ላይ ነው፣ ሳይዘጋብኝ ልጻፈው።

እህቴ እታለም ትናንት ከእንግሊዝ በቪዲዮ ደውላ ነበር፣ ውሻ ወስዳለች። ከሩጫ ውድድር ጡረታ የወጡ ውሾችን ለሚያሳድግ ሰው የሚሰጡ ማህበሮች አሉ፣ ከነሱ ነው ያገኘችው፣ ግሬይሀውንድ። ስልኩን ዞር አድርጋ ስታሳየን ሶፋው ላይ በጀርባው ተንጋሎ አራት እግሩን ወደ ጣራ ሰቅሎ ተኝቷል። አባባ መነጽሩን አስተካክሎ ዝም ብሎ አየውና "ታሟል እንዴ?" አላት።

"ኧረ ደህና ነው አባባ፣ አተኛኘቱ ነው።"

"ታዲያ ምነው ጎድኑ ተቆጠረ? አታበይውም?"

እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ዘሩ እንደዚያ ነው አለችው፣ ስብ የለውም፣ ቆዳው ስስ ነው፣ ብርድ ሲሆን ኮት ታለብሰዋለች (እዚህ ላይ አባባ ወደኔ ዞሮ አየኝ)። አንገቱ ከጭንቅላቱ ስለሚሰፋ ተራ ማሰሪያ ሾልኮ ይወጣል፣ ለነሱ ተብሎ የሚሰራ ሰፊ ማሰሪያ አለ። ደረጃ መውጣት አያውቅም ነበር፣ የኖረው ውሻ ማደሪያ ውስጥ ስለሆነ ደረጃ የሚባል ነገር አይቶ አያውቅም፣ የመጀመሪያውን ሳምንት እግሩን አንድ በአንድ እያነሳች ነው ያስተማረችው። ከዛ ጆሮውን ገልበጥ አድርጋ አሳየችን፣ ውስጡ በአረንጓዴ ቀለም የተነቀሱ ፊደሎች አሉ፣ በሁለቱም ጆሮ። የአየርላንድ ውሻ ሲሆን ሁለቱም ጆሮው ላይ ነው የሚነቀሰው አለች፣ እንግሊዝ የሚሮጡት ደግሞ አብዛኞቹ አየርላንድ የተወለዱ ናቸው። አባባ "እንደ ከብት" አለ፣ ሌላ አልጨመረም።

እኔ ግን ውሻውን የሆነ ቦታ አውቀዋለሁ እያልኩ ነበር፣ የት እንደሆነ ትዝ ሲለኝ አፈርኩ። ማርቆስ እያለሁ ቤቲንግ ቤት ስክሪኑ ላይ የሚሮጡት የኮምፒውተር ውሾች! ቀይ የለበሰው 1፣ ሰማያዊ 2፣ ነጭ 3፣ ጥቁር 4፣ ብርቱካናማ 5፣ ጥቁርና ነጭ መስመር ያለው 6። አንድ ከሰአት ብቻ ቁጥር 4 ላይ 300 ብር በልቶኛል፣ ውሻውን ስሰድበው የዋልኩት መቼም አይረሳኝም፣ እሱ የት አለና፣ ስእል ነውኮ። እንግሊዝ ሜዳ ላይ በእውነት የሚሮጡትም ይሄንኑ ቀለም ነው የሚለብሱት፣ እኔ ግን ኮምፒውተሩ የፈጠረው ነበር የሚመስለኝ። ለእታለም ይሄን በቴክስት ነው የነገርኳት፣ አባባ ፊት አይወራም።

ከዛ ማታ ዳታ ስለነበረኝ ሳነብ አመሸሁ። ግሬይሀውንድ በአፍንጫው ሳይሆን በአይኑ ነው የሚያድነው፣ ጥንቸል ካየ በቃ፣ በሰአት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣል፣ በአንድ እርምጃ ውስጥ ሁለቴ አራቱም እግሩ ከመሬት ይነሳል። ድሮ በህይወት ያለች ጥንቸል ለቀው ሁለት ውሻ ያስከትሉባት ነበር፣ ሊቨርፑል አጠገብ ከ1836 እስከ 2005 (እ.ኤ.አ.) የቆየ ትልቅ ውድድር ነበረ፣ የ2004ቱ ህግ ነው ያስቆመው። የሚገርመው እዛ ዳኛው ነጥብ የሚሰጠው ጥንቸሏን ለገደለው ሳይሆን በፍጥነቱና ጥንቸሏን ስንት ጊዜ እንዳስጠመዘዛት አይቶ ነው። አሁን ውሾቹ ሜዳ ላይ የሚያሳድዷትን፣ በሀዲድ የምትሄደዋን ሰው ሰራሽ ጥንቸል ደግሞ ኦወን ፓትሪክ ስሚዝ የሚባል አሜሪካዊ ነው በ1912 ያመጣት፣ በ1926 ማንቸስተር ገባች፣ ከዛ ወዲህ 480 ሜትሩን 30 ሰከንድ አካባቢ ሮጠው ይጨርሱታል። የኔም 300 ብር እንደዛው በሰላሳ በሰላሳ ሰከንድ ነው ያለቀው።

ጠዋት ለአባባ ስነግረው "ጥንቸሏን አይበሏትም?" አለ። ለመብል አይደለም አልኩት። "ታዲያ ለምንድር ነው?" መልስ አልነበረኝም።

ግን እሱም ያውቃታል ይቺን ሩጫ። ነብሮ የሚባል ውሻ ነበረን፣ ልጅ ሆኜ። ታህሳስ ላይ ጤፉ ታጭዶ ሜዳው ራቁቱን ሲቀር ከድንበሩ ሳር ውስጥ ጥንቸል ብድግ ስትል ነብሮ ይከተላታል፣ አውድማ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ስራውን ትቶ ይቆማል፣ ሊይዛት ነው ሲባል እጥፍ ትልና እሱ በራሱ ፍጥነት አልፏት ሄዶ አቧራ ውስጥ ይንከባለላል። ከሁሉ በላይ የሚስቀው አባባ ነበር። ቢይዛትም እኛ ጥንቸል አንበላ፣ ምንም የሚጠቅመን ነገር አልነበረውም፣ ግን ዝም ብሎ ደስ ይለን ነበር፣ ሲመለስ ምላሱን አውጥቶ አባባ እግር ስር ነው የሚወድቀው።

አንድ ክረምት ጅብ ወሰደው። ሌሊት ነው፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ ጩኸቱን ሰምተነዋል፣ ሁላችንም ሰምተናል። በሩ አልተከፈተም። ጠዋት ግቢው ውስጥ የታሰረበት ገመድ ብቻ ነበር። አባባ ገመዱን ጠቅልሎ ሰቀለው፣ ከዛ በኋላ የመጡትን ውሾች ስም ሲያወጣላቸው አላየሁም፣ "ውሻው" ነው የሚላቸው።

ስለዚህ ዛሬ እንደገና ስትደውል እታለምን "ይኸ ጅብ ቢመጣ ምን ያደርጋል?" ሲላት እኔ አልሳቅኩም፣ እሷ ግን ሳቀች።

"እዚህ ጅብ የለም አባባ። ደግሞ አይጮህም፣ ሌባ ቢገባም ሶፋው ላይ ቦታ የሚለቅለት ይመስለኛል። ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ነው የሚውል።"

"ስንት አመቱ ነው?"

"አምስት። እግሩን ተጎድቶ ነው ያስወጡት።"

አባባ ስልኩን ከእጄ ተቀበለኝ። ወደ ፊቱ በጣም አስጠግቶት ስለነበር እታለም የምታየው ግንባሩን ብቻ ይመስለኛል። ሁለት ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ አፏጨ፣ ነብሮን ከሜዳ ሲጠራው የሚያፏጨውን፣ አንዷን ረጅም ሁለቷን አጭር፣ እኔ ከሰማሁት ሃያ አመት ሳይሆነው አይቀርም። ሶፋው ላይ ያለው ውሻ አንድ የተነቀሰች ጆሮውን አነሳ፣ አይኑን ግን አልገለጠም፣ መልሶ አጠፋት።

እታለም "ተነስ አባባ እየጠራህ ነው" እያለች ስትነቀንቀው፣ "ተይው" አላት፣ "ተይው አንች፣ ይተኛ።"

ስልኩ 9 ፐርሰንት ደርሷል።