ከኩባንያ ጋራዥ ከመውጣታችሁ በፊት ኮፈኑን ክፈቱ

ሰርቪስ ገብቶ የሚበላሽ መኪና አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው በከባዱ ሥራ አይደለም። ሞተር የሚያወርደው ልምድ ያለው ሰው ነው፣ ይጠነቀቃል። ዘይት ቅየራው ግን ለጀማሪው ይሰጣል፤ ከኋላው ሌላ መኪና ተሰልፎ እየጠበቀው ነው። ይህ በሰፈር ጋራዥም በአስመጪው ኩባንያ ጋራዥም ያው ነው። ልዩነቱ፣ ሰፈር አጠገቡ ቆማችሁ ታያላችሁ፣ ኩባንያው ጋ ቡና እየጠጣችሁ ትጠብቃላችሁ።

የዘይት መፍሰሻውን ታፖ እንውሰድ። በ1.5 ሊትሩ የቶዮታ 1ኤንዜድ ሞተር (አንዳንድ ቪትዝና ያሪስ ላይ ያለው) የሚጠብቀው ወደ 38 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ) ነው። በአጭር መፍቻ፣ በአንድ እጅ፣ ሳይታገሉ ማለት ነው። ታፖው ሥር ያለችው ቀጭን ሮንዴላ በየቅየራው መለወጥ አለባት። ዋጋዋ ከምንም አይቆጠርም፣ ግን ብዙ ጊዜ አትለወጥም። አሮጌዋ ተመልሳ ስትገባ ዘይት ማንጠባጠብ ይጀምራል፤ መካኒኩ ጠብታውን ሲያይ በረጅም መፍቻ ይጨምርበታል፤ በዚህ መሀል የኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ማጠራቀሚያ) ጥርስ ይበላል። ጉዳቱ ያን ቀን አይታይም። በሚቀጥለው ሰርቪስ «ታፖው አልጠብቅ አለ፣ ኮፓ ይቀየር» ተብሎ ሒሳቡ ለእናንተው ይመጣል። ስለዚህ መኪናውን ስታስረክቡ «አዲስ ሮንዴላ» የሚለውን ጆብ ካርዱ (የሥራ ትእዛዝ ወረቀቱ) ላይ አስጽፉ።

ከዚህ የባሰው የዘይት ፊልትሮው ነው። አሮጌው ሲፈታ የጎማ ቀለበቱ አንዳንዴ ሞተሩ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ሳይታይ አዲሱ ፊልትሮ ከላዩ ከታሰረ ሁለት ጎማ ተደራረበ ማለት ነው። መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ ሊይዝ ይችላል፤ ጋዝ ተሰጥቶ የዘይቱ ግፊት ሲጨምር ግን አንዱ ጎማ ይሾልክና ዘይቱ በደቂቃዎች ውስጥ አስፋልት ላይ ያልቃል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ አሮጌውን ፊልትሮ አምጡ በሉና አፉን እዩ። ቀለበቱ እዚያው ካለ ጥሩ፤ ከሌለ አዲሱ ፊልትሮ ተፈትቶ ይታይ፣ ሳይታይ አትውጡ። አሮጌ ዕቃ እንደምትፈልጉ የሚነገረው ግን ቀድሞ ነው፤ ሲያልቅ ብትጠይቁ «ተጥሏል» ነው መልሱ። የፍሬን ሸራ የሚቀየር ከሆነ አሮጌው ላይ በጥፍር ቀለም ነጥብ አድርጉበት፤ የሌላ መኪና ሸራ አምጥቶ ማሳየት አዲስ ነገር አይደለም።

መጠኑም ይታይ። ይኸው 1ኤንዜድ ከነፊልትሮው የሚወስደው 3.7 ሊትር ነው። የተከፈለው የ4 ሊትር ጀሪካን ከሆነ ጥቂት መትረፍ አለበት፤ የተረፈውን ጠይቁ፣ የእናንተ ነው። ሜዳ ላይ አቁማችሁ፣ ሞተሩን አጥፍታችሁ፣ 5 ደቂቃ ጠብቃችሁ በመለኪያው ዘንግ እዩ። ከላይኛው ምልክት በጣም ካለፈ ክራንኩ (ሞተሩ ውስጥ የሚሽከረከረው ዘንግ) እየመታው አረፋ ያደርገዋል፤ አረፋ ደግሞ አያለሰልስም። ኮፈኑ ክፍት እያለ የአየር ፊልትሮው ክዳን ቅንጥቦች ሁሉ መያዛቸውን፣ የዘይት መሙያው ክዳን መታሰሩን፣ የባትሪው ሞርሰቶ (የገመዱ ማሰሪያ) በእጅ ሲነቀነቅ አለመዞሩን እዩ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ጎማ ከተፈታ ዳዶዎቹ የሚጠብቁት በቶርክ መፍቻ (የማጥበቂያውን ልክ በሚያሳየው) ነው፤ ለእነዚህ ትንንሽ ቶዮታዎች 103 ኒውተን ሜትር። በአየር መፍቻ ብቻ ከተጠረቀሙ አባይ በረሃ ላይ ጎማ ሲተነፍስ በመኪናው መፍቻ አይፈቱላችሁም። እኩል ካልጠበቁ ደግሞ የፍሬን ዲስኩ ይጣመምና ፍሬን ስትይዙ መሪው ይንቀጠቀጣል። ግቢው ውስጥ እያላችሁ በራሳችሁ መፍቻ አንዱን ላላ አድርጋችሁ ሞክሩት፣ መልሰው በልኩ ያጥብቁት፤ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትነዱ ሁሉም በልኩ መጥበቃቸውን ደግማችሁ እዩ።

ብልሽት ልታሠሩ ከሆነ «ድምፅ ያሰማል» ብሎ መጻፍ ዋጋ የለውም። «ከፊት ቀኝ ጎማ፣ ከ40 በላይ ሲነዳ፣ ወደ ግራ ሲታጠፍ ይብሳል» ቢባል መካኒኩ ወዲያው የቀኙን ኩሽኔታ (ጎማው የሚሽከረከርበትን) ይጠረጥራል። ወደ ግራ ስትታጠፉ ክብደቱ የሚያርፈው በቀኝ ነውና።

ከወጣችሁ በኋላ የዘይት መብራት ከበራ «ጋራዡ ቅርብ ነው» ብላችሁ አትንዱ፤ አጥፉና ይጎተት። ፈሳሹን ከመጥረጋችሁ በፊት ፎቶ አንሱ፣ ኪሎ ሜትሩንም ጭምር። ሌላ መካኒክ እንዲነካው አትፍቀዱ፤ ከነካው «እሱ ነው ያበላሸው» ይባላል። አቤቱታው በአፍ አይሁን፤ ለሰርቪስ ኃላፊው በሁለት ኮፒ ይጻፍና አንዱ ላይ የገቢ ማኅተም ይመታበት። «በሚቀጥለው ሰርቪስ ቅናሽ እናደርጋለን» የሚለውን እኔ አልቀበልም፤ የሚጠየቀው ነፃ ጥገና፣ የመጎተቻው ወጪና ሞተሩ ያለ ዘይት ሠርቶ ከሆነ በጽሑፍ የተሰጠ የዘይት ግፊት ምርመራ ውጤት ነው። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ለደረሰበት ጉዳት ካሣ የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል፤ ደረሰኙንና ጆብ ካርዱን ግን አትጣሉ።

በመጀመሪያው ሌሊት ሞተሩ ሥር ካርቶን አንጥፉ። ጠዋት ላይ ማር የመሰለ ጠብታ ካለ አዲሱ ዘይት ነው፣ በዚያው ቀን ተመለሱ። ጥርት ያለ ውሃ ከሆነ የኤሲው ነው፣ ተዉት።