የቅዳሜው ትምህርት ቤታችን አዲሱን ዓመት ሲቀበል

በሲያትልና በዙሪያዋ ለምትኖሩ ወላጆች ሁሉ፣ እንኳን ለ2018 ዓ.ም. በሰላም አደረሳችሁ። ያለፈው ዓመት የቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት ቤታችን ለመዘጋት ጥቂት ቀርቶት የተረፈበት፣ ከዚያም አልፎ ለዓመታት ባዶውን የቆየው የታዳጊዎች ክፍል እንደገና የተከፈተበት ዓመት ስለነበረ፣ ነገሩ እንዴት እንደሆነ ጽፎ ማስቀመጥ ልጆቻቸውን ለሚልኩትም፣ ገና ለሚያመነቱትም ይጠቅማል ብዬ አስቤያለሁ። እኔ ከአስተማሪዎቹ አንዱ ነኝ፤ ማስተማር ግን ሙያዬ አይደለም። ዓርብ ሌሊቱን አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ስጭን አድሬ፣ ቅዳሜ ጠዋት ፊቴን ታጥቤ ሰሌዳ ፊት የምቆም ሰው ነኝ። አብረውኝ የሚያስተምሩትም አንዷ ነርስ፣ አንዷ የሒሳብ ሠራተኛ፣ አንዱ ደግሞ የታክሲ ሾፌር ናቸው።

ዘንድሮ እንቁጣጣሽ ሐሙስ ቀን ስለዋለ ልጆቹ በዓሉን በእንግሊዝኛው ትምህርት ቤታቸው አሳልፈውታል። ስለዚህ እኛ ያከበርነው ቅዳሜ መስከረም 3 ነው። ልጃገረዶቹ የሐበሻ ቀሚስ ለብሰው እየዘፈኑ አበባ አደሉ፤ አደይ አበባ እዚህ ስለማይገኝ ከሱቅ የተገዛ ቢጫ አበባ ተክቶታል። ወንዶቹም በቀለም እርሳስ የሳሉትን ሥዕል እየያዙ ለአረጋውያኑ አዞሩ፤ እንደ ወጉም ዶላር ተቀበሉ። አንዱ የስድስት ዓመት ልጅ ሥዕሉ በጣም ስላማረው ዶላሩን ተቀብሎ ሥዕሉን አልሰጥም ብሎ አስቆናል። የአዳራሹ የጢስ ማስጠንቀቂያ ደወል እንዳይጮህብን ቡናው እቤት ተቆልቶ መጣ፤ ድፎ ዳቦው ግን እዚያው ተባርኮ ተቆረሰ። በአገራችን ትምህርት ቤት የሚከፈተው በመስከረም ነው፤ በዚህም አገር ልጆች ወደ ክፍል የሚመለሱት በዚያው ሰሞን ስለሆነ፣ አዲስ ደብተርና አዲስ ዓመት አብረው ሲመጡ ልጆቻችን ቢያንስ በዚህ ነገር ከእኛ የልጅነት ትዝታ ጋር ይገናኛሉ።

በዓሉ እንዲህ በደስታ ይለቅ እንጂ ያለፈው ክረምት ከባድ ነበር። ክረምት ስል የዚህን አገር ክረምት ማለቴ ነው፤ በታኅሣሥ ፀሐይ ከቀትር በኋላ አሥር ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ትጠልቃለች፣ ዝናቡም አያባራም። ልክ በዚያን ሰሞን የምንከራየው አዳራሽ ባለቤቶች ኪራዩን በአንድ ጊዜ ከአቅማችን በላይ ስላደረጉት፣ በዓመቱ አጋማሽ ዕቃችንን ይዘን ወጣን። ሰሌዳውና የፊደል ገበታዎቹ በአንድ ወላጅ ጋራዥ ውስጥ ተቀመጡ። ለጥቂት ወራት በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የመሰብሰቢያ ክፍል ተጠለልን፤ ክፍሉ በነጻ ነበር፤ ነገር ግን በየሳምንቱ በአንድ ሰዓት ስለማይገኝ አንዱን ቅዳሜ ጠዋት፣ ሌላውን ከሰዓት በኋላ ስናደርገው ቤተሰቦች ግራ ተጋቡ፣ የቀሩም አልጠፉ። ወደ ፀደዩ መጨረሻ በአንዲት እናት አማላጅነት አሁን ያለንበትን የማኅበረሰብ ማዕከል አገኘን። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሥራቸውን ለውጠው፣ ሁለት አውቶቡስ ቀይረው ልጆቻቸውን ያመጡ ወላጆች እንደነበሩ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ትምህርት ቤቱ ዛሬ ያለው በእነርሱ ነው።

አሁን ወደ ታዳጊዎቹ ልመለስ፤ ምክንያቱም የትምህርት ቤታችን ዋና ችግር የአዳራሽ ኪራይ አልነበረም። ትንንሾቹ ሁልጊዜ አሉ። እናት አባት ሲያመጧቸው ይመጣሉ፣ ፊደል ይቆጥራሉ፣ ስማቸውን መጻፍ ይማራሉ። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላቸው ግን ቅዳሜ የእግር ኳስ ግጥሚያ ይሆናል፣ ከዚያ የሙዚቃ ልምምድ፣ ከዚያ የኮሌጅ መግቢያ ፈተና ዝግጅት ይመጣና፣ ያ ሁሉ ዓመት የለፋንበት ልጅ ማንበብ በጀመረበት ሰዓት ይሄዳል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የተማረውንም ይረሳዋል። የሲያትል የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ለወላጅ የሚልኩትን ደብዳቤ በአማርኛ ጭምር ያዘጋጃሉ። ልጁ ያንን ደብዳቤ ከቦርሳው አውጥቶ ለእናቱ ሲሰጥ፣ በራሱ ጉዳይ የተጻፈ ቢሆንም አንዱን መስመር ማንበብ አይችልም። ይህን እኔ በብዙ ቤት፣ በራሴም ቤት አይቼዋለሁ።

ታዳጊዎቹን በምክር ለመመለስ ብዙ ተደክሟል። «ቋንቋህ ማንነትህ ነው» የሚለውን ንግግር ሰምተው ሰምተው ጠግበውታል፤ እኔም ብሆን በአሥራ አራት ዓመቴ በዚህ ንግግር ከኳስ ሜዳ የምወጣ ልጅ አልነበርኩም። የመለሳቸው ሌላ ነገር ነው። በዋሽንግተን ግዛት አንድ ተማሪ ሁለተኛ ደረጃን ለመጨረስ 24 ክሬዲት ያስፈልገዋል፤ በመደበኛው መንገድ ከእነዚህ ሁለቱ ከእንግሊዝኛ ሌላ የሆነ ቋንቋ ናቸው። የግዛቱ የሕዝብ ዩኒቨርሲቲዎችም ለመግቢያ የሁለት ዓመት የቋንቋ ትምህርት ይጠይቃሉ። ብዙ ልጆቻችን ይህን ለማሟላት ስፓኒሽ ወይም ፈረንሳይኛ ከሀ ጀምረው ይማራሉ። ሆኖም ክሬዲቱ ክፍል ውስጥ በመቀመጥ ብቻ የሚገኝ አይደለም፤ ተማሪው ቋንቋውን መቻሉን በፈተና ካሳየ እንደ ደረጃው ከአንድ እስከ አራት ክሬዲት ይያዝለታል። ፈተናው በአማርኛም አለ። አራቱን ክሬዲት የሚያስገኘው ደረጃ ላይ የደረሰና የእንግሊዝኛውንም መስፈርት ያሟላ ተማሪ ደግሞ፣ ግዛቱ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ሕግ መሠረት በሁለት ቋንቋ መቻሉን የሚመሰክር ማኅተም ከዲፕሎማው ጋር ይሰጠዋል።

ይህን ዕድል ብዙ ወላጅ አያውቀውም። ስለዚህ ባለፈው ዓመት መጀመሪያ አስተማሪዎቹ ተሰብስበን የታዳጊዎቹን ክፍል በዚህ ፈተና ዙሪያ ለማዋቀር ወሰንን። የተቃወሙም ነበሩ። አንድ ጋሼ የምንላቸው አባት «ቋንቋ በነጥብ አይሸጥም፤ ልጅ አማርኛን ለክሬዲት ብሎ ከተማረ ክሬዲቱን ሲያገኝ ይተወዋል» ብለው በስብሰባ ላይ ተቆጡ። ሥጋታቸው ከንቱ ነው ማለት አልችልም። ይሁንና በእኔ አስተያየት ክፍሉ ባዶ ከሚሆን በክሬዲት ቢሞላ ይሻላል፤ ልጁ ከመጣ በኋላ የሚወደውን ነገር ማግኘቱ የእርሱና የአስተማሪው ፈንታ ነው። ጋሼም ቢሆኑ ተቃውሟቸውን ይዘው ሻይና ዳቦ ማቅረቡን አላቋረጡም።

ክፍሉ ሲከፈት ያልጠበቅነው እንቅፋት ገጠመን። ፈተናው መናገርንና መጻፍን ይመዝናል። ልጆቹ ሁሉም ይብዛም ይነስ ይናገራሉ፤ ከአያት ጋር ያደጉትማ ተረትና ምሳሌ ሳይቀር ያውቃሉ። በኮምፒውተር አማርኛ መጻፍ ግን አንዳቸውም አይችሉም ነበር። አንዲት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ፣ ስትናገር ደሴ ተወልዳ ያደገች የምትመስል፣ የመጀመሪያው ቀን «ትምህርት ቤት» የሚለውን ለመጻፍ ስትታገል አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። ‹ት› ስትፈልግ ‹ተ› ይወጣላታል፣ አጥፍታ ስትሞክር ‹ቱ› ይሆናል። ጣቶቿ በእንግሊዝኛ እንደ ሰርገኛ ጤፍ የሚበተኑት ልጅ፣ በገዛ ቋንቋዋ በአንድ ጣት ፊደል ስትለቅም አፈረች። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ለአያቷ በስልክ አጭር መልእክት እንድትጽፍ ተስማማን። አያቷ ደሴ ናቸው፤ መልእክቱን ጎረቤት ያነብላቸዋል። መጀመሪያ «አያቴ ደህና ነሽ እኔ ደህና ነኝ» ነበር፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ስለ ፈተናዋ፣ ስለ ጓደኛዋ መኮራረፍ፣ እናቷ ስለማታውቀው ጉዳይ ሁሉ ትጽፍ ጀመር። ጎረቤቲቱ ግን ሁሉንም እንደምታነብ ማስታወስ ነበረብን።

ፀደይ ላይ ልጆቹ ተፈተኑ። ውጤቱ እንደየልጁ ይለያያል፤ አንድ ክሬዲት ብቻ ያገኘም፣ አራቱንም ያገኘ አለ፤ ከተፈተኑት ውስጥ ባዶ እጁን የተመለሰ ግን የለም። ያቺ የደሴዋ ልጅ አራቱን አግኝታለች። ሁለት ያገኘው አንዱ ወንድ ልጅ ዘንድሮ ደግሞ ሊፈተን ተመዝግቧል፤ ምክንያቱን ስጠይቀው «እህቴ ሦስት ስላላት» አለኝ። እንዲህ ያለውን ምክንያት እኛ አስተማሪዎች አናቃልልም።

ስለ ትንንሾቹ ክፍልም ጥቂት ልበል፤ እዚያ ያለውን ሥራ የሚያየው ሰው ጥቂት ነው። ሁላችንም እትዬ እያልን የምንጠራቸው እናት፣ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ገና ተማሪ ሳሉ በወሎ ገጠር ለገበሬዎች ፊደል ያስቆጠሩ ናቸው። ዛሬ ደግሞ በሲያትል ለልጅ ልጆቻቸው እኩዮች ያስቆጥራሉ። ልጆች ‹ሀ ሁ ሂ›ን በዜማ እንደሚይዙት፣ ፊደሉን ሳያዩም ጣራ ጣራ እያዩ መጨረሻው ድረስ እንደሚወርዱት እርሳቸው ጠንቅቀው ያውቃሉ። ስለዚህ ዜማው እንደተያዘ ወዲያው ወደ አቡጊዳ ይገባሉ፤ እዚያ እያንዳንዱ ፊደል ከቀጣዩ ጋር ቤቱም ድምፁም ስለሚለያይ ፊደሉን በዓይኑ ያልለየ ልጅ ይቆማል። የቆመበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት ያደርጉና በሚቀጥለው ቅዳሜ ከዚያው ይጀምራሉ። ድሮ የኔታ በስንደዶ እያስጠቆሙ ያደረጉትን ነው የሚያደርጉት፤ ለልጆቹ ግን ጨዋታ ይመስላቸዋል።

በወላጅ በኩል አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ። በሳምንት ሁለት ሰዓት ተምሮ ቋንቋ የሚይዝ ልጅ የለም፤ ቀሪው ሥራ ቤት ነው። ቤት ስንል ደግሞ ሌላ ትምህርት ቤት ክፈቱ ማለታችን አይደለም። ለምሳሌ የአስቤዛውን ዝርዝር ልጁ ይጻፍ። አንድ አባት ይህን ሰምቶ የዘጠኝ ዓመት ልጁን አጻፈው፤ ልጁም በርበሬ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ «ሽኩርት» ብሎ ጻፈ። አባትየው ወረቀቱን ለሐበሻ ሱቁ ባለቤት ሰጠ፤ ባለሱቁ ዕቃውን ካቀረበ በኋላ ብዕሩን አውጥቶ ‹ን›ን ጨመረና «ለመምህሩ ስጥልኝ» ብሎ ወረቀቱን መለሰ። ልጁ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለባለሱቁ ስህተት ላለመላክ ሲል ዝርዝሩን ሁለት ጊዜ ያነበዋል ብሎ አባቱ ነግሮኛል። ሥራ የሚበዛባችሁ፣ ሌሊት የምትሠሩ፣ ልጆቻችሁን በእንቅልፍ ብቻ የምታገኙ ወላጆች እንዳላችሁ አውቃለሁ፤ እኔም እንደዚያው ነኝ። ማቀዝቀዣው ላይ የተለጠፈ ወረቀት ግን ወላጅ በሌለበትም ይጻፍበታል።

ሌላው መነገር ያለበት፣ ልጆቻቸውን ከሚልኩልን መካከል ቤታቸው ትግርኛ ወይም አፋን ኦሮሞ የሚነገርባቸው ቤተሰቦች መኖራቸው ነው። ያለፉት ዓመታት የአገር ቤት መከራ እዚህም ማኅበረሰባችንን ከፋፍሎ፣ በአንድ ሰርግ ቤት የማይቀመጡ ሰዎች እስከመኖር አድርሷል። በዚህ ምክንያት አስተማሪ ክፍል ውስጥ ስለ ፖለቲካ እንዳይናገር፣ ወላጅም በር ላይ እንዳይከራከር ተስማምተናል። ስምምነቱ አልፎ አልፎ ቢጣስም እስካሁን ይዞናል፤ ዘንድሮም በዚያው ይቀጥላል።

የዘንድሮው አዲስ ነገር ሁለት ነው። የታዳጊዎቹ ክፍል ግማሹ ጊዜ በኮምፒውተር መጻፍ ስለሚሆን፣ የማትጠቀሙበት ነገር ግን የሚሠራ ላፕቶፕ ያላችሁ ብታመጡልን የአማርኛውን የፊደል ሰሌዳ እኛ እንጭንበታለን። ሁለተኛው፣ ባለፈው ዓመት ከተፈተኑት ሦስቱ በትንንሾቹ ክፍል የእትዬ ረዳት ሆነው ይሠራሉ። እትዬ መጀመሪያ «እነዚህ ልጆች ራሳቸው ልጆች አይደሉም ወይ» ብለው ነበር፤ በዓሉ ዕለት ግን አንደኛዋ ልጅ ሕፃናቱን ክብ አስቀምጣ አቡጊዳ ስታስቆጥር አይተው ወንበራቸውን ወደ ኋላ አደረጉላት።

ምዝገባው ተጀምሯል። መስከረም 17 ቀን ቅዳሜ የመስቀል በዓል ስለሆነ ትምህርት አይኖርም፤ መደበኛው ትምህርት የሚጀምረው መስከረም 24 ቀን ነው። ክፍያ የሚከብደው ቤተሰብ ለማንኛውም አስተማሪ በጆሮ ይንገር፤ በገንዘብ ምክንያት ልጅ ከበር አይመለስም። ክፍያውን ማሟላት ለማይችል ወላጅ ደግሞ ወንበር በማስተካከልና ሻይ በማፍላት የሚካፈልበት ተራ አለ፤ ሻዩን በተመለከተ ከጋሼ ጋር መስማማት ያስፈልጋል።