ስም ያልወጣለት የእንጨት ማኅበር

ጎንደር ውስጥ እንጨት ሥራን መተዳደሪያቸው ሳያደርጉ ለፍቅሩ ብቻ የያዙ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። አብዛኞቹ ግን ብቻቸውን፣ በጓሮ ወይም በበረንዳ፣ አንዳንዶቹም ከጎረቤት ዓይን ራቅ ብለው ስለሚሠሩ፣ አንዱ የሌላውን መኖር የሚያውቀው በአጋጣሚ ነው፤ ሁለት ሰዎች እቃ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ያንኑ አንድ መላጊያ ሲጠይቁ፣ ወይም ከፈረሰ ቤት በወጣ አሮጌ በር ላይ እኩል ዓይናቸውን ሲጥሉ። እኛም የተሰባሰብነው እንዲሁ ነው። በመካከላችን ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር፣ አንድ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ፣ አንዲት ነርስ፣ አንድ የባጃጅ ሹፌርና እኔ አለን፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ በአናጢነት ያሳለፉ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰውም አልፎ አልፎ ብቅ ይላሉ።

ስም ባናወጣለትም አካሄዳችን የጽዋ ማኅበር ነው። ባለ ተራው ቤቱን ያሰናዳል፣ ቡና ያስፈላል፤ የቀረው ሰው የሠራውን ወይም የጀመረውን ይዞ ይመጣል። ጠላ ካለ የሚቀዳው ስለት ያለው ዕቃ ሁሉ ወደ ሣጥኑ ከተመለሰ በኋላ ብቻ ሲሆን፣ ይህን ሕግ ያወጡት መምህሩ ናቸው፤ ሲከራከሯቸውም አይወዱም። ዕለቱን መቁረጥ ግን ከሁሉም ይልቅ አስቸግሮን ነበር። እሑድ መዶሻ ማንሣት በጎንደር የሚታሰብ አይደለም፣ ቅዳሜም ለብዙ እናቶች ቀዳሚት ሰንበት ናት፣ በየወሩ የሚውሉት የማርያም፣ የሚካኤልና የጊዮርጊስ በዓላትም አሉ። በመጨረሻ ቅዳሜ ከሰዓት ላይ ተስማማን፤ ቀኑ ከበዓል ጋር ከገጠመ መጋዝና መዶሻ አይነሣም፣ የመጣውን ሥራ እያገላበጡ መጨዋወት ብቻ ይሆናል። እነዚያ ሥራ የሌለባቸው ቅዳሜዎች ከሌሎቹ ያነሱ ሆነው አላገኘኋቸውም።

በአካል መገናኘት ምን ይጠቅማል ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው ሁልጊዜ የማነሣው ስለ መሳል ነው። በስልክ የምናያቸው ቪዲዮዎች የመሮ አፍ 25 ዲግሪ ገደማ ሆኖ እንደሚሳል በትክክል ያስተምራሉ፤ ስለቱ ሲደርስ ወደ ጀርባው የምትታጠፈው ቀጭን የብረት ልጣጭ በጣት ስትዳሰስ ምን እንደምትመስል ግን ከመስታወት ጀርባ ሊያሳዩ አይችሉም። ነርሷ የመጀመሪያ መሮዋን ይዛ በመጣች ጊዜ ጋሼ ምንም ሳይናገሩ የራሳቸውን መሮ ጀርባ በአውራ ጣቷ እንድትዳስስ ሰጧት፤ ቀጥሎ የእሷን አስዳሰሷት፤ ትምህርቱ በዚሁ አበቃ። ከውጭ የሚመጣው የመሳያ ድንጋይ ለኪሳችን ስለሚከብድ የምንጠቀመው ቁራጭ የመስኮት መስታወት ላይ የተለጠፈ የብርጭቆ ወረቀት ነው፤ ከቁጥር 400 ጀምረን በ1000 አልፈን በ2000 እንጨርስና በመጨረሻ አሮጌ የቆዳ ቀበቶ ላይ እንስለዋለን። የመላጊያው ድምፅም በአካል ካልሰሙት የሚገባ ነገር አይደለም። የደነዘዘ ምላጭ እንጨቱን ሲቦጭቀው ይንጫጫል፣ የተሳለው ደግሞ ረጅም ፍቅፋቂ እያወጣ ያፏጫል፤ ከሁላችንም ቀድሞ ልዩነቱን የሚሰማው የባጃጁ ሹፌር ሲሆን፣ ሞተሩንም በጆሮው የሚመረምር ሰው ስለሆነ አይገርመኝም። መብራት በየጊዜው ስለሚጠፋ በማሽን ከመተማመን ይልቅ በእጅ መሣሪያ መሥራትን የመረጥነው እኛ ባንሆንም፣ አሁን አሁን ምርጫችን ይመስላል።

ሌላው ብዙ የምንነጋገርበት ጉዳይ እርጥበት ነው። የጎንደር አየር ከሰኔ እስከ መስከረም ረጥቦ ይከርማል፣ ከኅዳር ወዲያ ደግሞ ከንፈር እስኪሰነጠቅ ይደርቃል። እንጨት በርዝመቱ እምብዛም ሳይለወጥ በጎኑ ያብጣል፣ ይኮማተራል፤ የዕድገት ቀለበቶቹን ተከትሎ ያለው ለውጥም ከእምብርቱ ወደ ቅርፊቱ ካለው በግምት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በመጋቢት ልክክ ብሎ የተገጠመ የሣጥን ክዳን በሐምሌ አልከፈት ይላል፤ በነሐሴ የተሠራ ሰፊ የጠረጴዛ ገጽ ደግሞ፣ ዳርና ዳሩ በምስማር ከተቸነከረ፣ ጥር ላይ መሃሉ ይተረተራል። መድኃኒቱ ሰፊውን ጣውላ መሃሉ ላይ አጥብቆ፣ ዳሩ ግን በሞላላ ቀዳዳ እንዲንሸራሸር መተው ነው። ከዚያም በፊት እንጨቱ መድረቅ አለበት፤ በአየር ብቻ የሚደርቅ ጣውላ በተለምዶ ለእያንዳንዱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ያህል ይታሰብለታል። ገበያ ላይ «የደረቀ ነው» ተብሎ የሚሸጠው ጣውላ ብዙውን ጊዜ የደረቀው በሻጩ አፍ ብቻ ነው። የመድኃኒት ቤቱ ባለሙያ ለዚህ ያመጣው ዘዴ ከሙያው የተቀዳ ነው፤ ጣውላውን በየሳምንቱ ይመዝናል፣ ክብደቱን በደብተር ይጽፋል፣ መቀነሱን እስኪያቆምም አይነካውም። ጫፍ ጫፉን ቀለም ወይም ሰም መቀባትንም ያስለመደን እሱ ነው፤ ውሃው ከግንዱ ጫፍ ቶሎ ስለሚወጣ መሰንጠቅ የሚጀምረው ከዚያ ነውና።

እንጨቱ ከየት ይምጣ የሚለው ጥያቄ ሁላችንንም ያሳስበናል። ዋንዛ ለመላጊያ የሚታዘዝ፣ ቀለሙም የሚያምር እንጨት ነው፤ ነገር ግን በ1986 ዓ.ም የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ጽድን፣ ዝግባንና ኮሶን ከመንግሥት ደን መቁረጥ የከለከለው ያለ ምክንያት አልነበረም። ለትርፍ ጊዜ ሥራ ሲባል የቆመ ዋንዛ ይውደቅ የሚል ሰው በመካከላችን የለም። የምንሠራው በአብዛኛው ከፈረሱ ቤቶች በሚወጣ በርና ወራጅ፣ ከአጥር ላይ በሚከረከም ግራቪሊያና አናጢዎች በሚተዉት ቁርጥራጭ ነው። ወይራ ካገኘን ለመሣሪያ እጀታ ይውላል። ባሕር ዛፍ ግን እያጣመመና እየሰነጠቀ ያስቸግራል፤ መምህሩ ብቻ ይወዱታል፣ ምክንያታቸውንም አይገልጹም።

አንድ ጊዜ ተያይዘን ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሄደን ነበር። እዚያ የገባ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ የሚያየው ጣሪያውን የሞሉትን የመላእክት ፊቶች ነው፤ እኛ ደግሞ ሥዕሎቹን የከፋፈሉትን ወራጆች ስናይና ማን ጠርቦ ማን እንዳወጣቸው ስንነጋገር አመሸን። የሠዓሊና የንጉሥ ታሪክ ይጻፋል፤ የጠራቢው ስም ግን የለም። ይህ ደግሞ ከከተማችን ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። ከቤተ እስራኤል ወገን የሆኑ ግንበኞችና አናጢዎች በጎንደር ነገሥታት ሕንጻዎች ሥራ እንደተሳተፉ የታሪክ ሰዎች ጽፈዋል፤ ያው ማኅበረሰብ ግን በእጅ ሥራው ምክንያት ሲናቅና ቡዳ ሲባል ኖሯል። አፄ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር የደረሱት ንቀቱ በአገሩ ሁሉ ሥር የሰደደ ስለነበር ነው። አዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ ቢያልፍም፣ ዲግሪ ያለው ሰው ሰጋቱራ ለብሶ ሲታይ «ምን ቸገረህ?» የሚለው ሰው ዛሬም አይጠፋም። ከጎረቤት ዓይን ተሸሽጎ የሚሠራው ሰው የሚሸሸው ይህን ጥያቄ ነው፤ በራችንን ከፍተን ስንሠራ ደግሞ የሰፈሩ ልጆች ይሰበሰባሉ፣ ቁራጭ እንጨትም ይለምናሉ።

ስለ ሥራችን የምንሰጠው አስተያየትም ዕቃው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የተለየ ይሆናል። የባጃጁ ሹፌር ለአጎቱ ከወይራ የሠራውን መቋሚያ ይዞ በመጣ ዕለት ሁላችንም ውበቱን አደነቅን፤ ባለ ተራው የጋበዟቸው የአቋቋም መምህር ግን ተቀብለው ከፍ ዝቅ አደረጉት፣ ወለሉንም ቀስ ብለው መቱበትና «ያማረ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲዘመም ግን ትከሻ ይፈጃል» አሉ። ጎንደር በአታ የአቋቋም ማስመስከሪያ በሆነባት ከተማ እንዲህ ያለ ፈራጅ ማግኘት ቀላል ነውና ልንጠቀምበት ይገባል። ሹፌሩ አልተከፋም፤ ዘንጉን አቅጥኖ ለመላግ እዚያው ጀመረ፣ እኛም እንደ ወንፈል እየተቀባበልን አገዝነው።

በቅርቡ አንዳንድ ወዳጆች ማኅተምና መዋጮ ያለው ሕጋዊ ማኅበር እንድንሆን፣ የሠራነውንም እንድንሸጥ መክረውናል። እኔ አልስማማም። በዚህ ሥራ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ አናጢዎች አጠገባችን አሉ፤ ድካሙን በማንቆጥርበት ዋጋ ገበያቸው ውስጥ መግባት ነውር ይመስለኛል፣ ጋሼም ቢሆኑ ያን ጊዜ የሚመጡ አይመስለኝም። ብዛታችንም አንድ ግቢ ከሚችለው ባያልፍ እመርጣለሁ። ቀጣዩ ተራ የነርሷ ሲሆን፣ ክረምቱ ሳይገባ ከአሮጌ በር ያወጣችውን ጣውላ ሰንጥቀን በየመሃሉ ዘንግ እያደረግን እንደረድርላታለን፤ መምጣት የሚፈልግ ሰው ከእኛ አንዱን ይጠይቅ፣ ሲመጣም የጀመረውን ነገር ይዞ ይምጣ።