ባለሙያው በድንገት ሲሞት ለተገልጋዮቹ ማን ይደውላል?

በግሉ የሚሠራ የሥነ ልቦና አማካሪ በድንገት ቢሞት ወይም ራሱን ስቶ ሆስፒታል ቢገባ፣ በማግሥቱ ቀጠሮ ያላቸው ሰዎች ይህን ከማን ይሰማሉ? በተቋም ውስጥ ለሚሠራ ባለሙያ ቢያንስ ስልክ የሚያነሳ ባልደረባ አይጠፋም። ብቻውን ቢሮ ከፍቶ የሚሠራው ግን የቀጠሮ መዝገቡም፣ የስልክ ቁጥሮቹም፣ የምክክር ማስታወሻዎቹም በእሱ እጅ ብቻ ስለሆኑ፣ አስቀድሞ ያዘጋጀው ሰነድ ከሌለ ተገልጋዩ የተዘጋ በር ሲያንኳኳ ይቆያል፤ አለዚያም መርዶውን ከማኅበራዊ ሚዲያ ያነበዋል። ለማንም ያልተናገረውን ለዓመታት ለአንድ ሰው ብቻ ሲነግር ለኖረ ሰው ይህ ከባድ በደል ነው።

የሙያው የሥነ ምግባር ደንቦችም ጉዳዩን በቸልታ አላለፉትም። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር ደንብ፣ አገልግሎቱ በባለሙያው ሕመም ወይም ሞት ቢቋረጥ ተገልጋዩ እንዴት እንደሚረዳ አስቀድሞ እንዲታቀድ ይጠይቃል። የአሜሪካ የምክር አገልግሎት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው ደንብ ደግሞ ተገልጋዮቹን የሚያስተላልፍና መዝገቦቹን የሚረከብ ባልደረባ ወይም መዝገብ ያዥ ተለይቶ እንዲታወቅ ያዛል።

ባለሙያው ቢሞት ወይም አቅም ቢያጣ ለተገልጋዮቹና ለመዝገቦቹ ምን እንደሚደረግ የሚወስነው፣ የሙያ ኑዛዜ የሚባለው ሰነድ ዋና ቁም ነገር አስፈጻሚውን፣ ማለትም ይህን ሁሉ በእሱ ፋንታ የሚያከናውነውን ሰው መሰየም ነው። ብዙዎች በቅድሚያ የሚያስቡት የትዳር ጓደኛቸውን ነው፤ እኔ ግን ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። የትዳር ጓደኛ በዚያ ሳምንት ሐዘን ላይ ነው፤ በሙያው የምሥጢር ግዴታም አልታሰረም፤ የተገልጋዮቹን ዝርዝር ሲከፍት የጎረቤቱን ስም ሊያገኝ ይችላል። አስፈጻሚው በዚያው ሙያ የሚሠራና በዚያው ግዴታ የሚገዛ ባልደረባ ቢሆን ይመረጣል። ተተኪም ያስፈልገዋል፤ ባለሙያውና አስፈጻሚው በአንድ መኪና የሚጓዙበት ቀን አይጠፋምና።

ከሁሉ የሚከብደው የመጀመሪያው የስልክ ጥሪ ነው። ሰውየው ወደ አማካሪ እንደሚሄድ ቤተሰቡ ላያውቅ ስለሚችል፣ ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ በየትኛው ቁጥርና በስንት ሰዓት እንደሚደወል፣ መልእክት መተው ይፈቀድ እንደሆነም ተጽፎ መገኘት አለበት። ራሱን ስለማጥፋት የሚያስብ ተገልጋይ ካለ ቅድሚያ እንዲደወልለት ምልክት ይደረግበታል። ደዋዩ ማንነቱን ተናግሮ፣ ሰውየው ለመነጋገር በሚመች ቦታ መሆኑን ጠይቆ፣ ባለሙያው መሞቱን ሳያድበሰብስ ይነግረዋል፤ ከዚያ ዝም ብሎ ያደምጠዋል። ቢፈልግ በአካል ሊያገኘው እንደሚችል ገልጾ፣ አስቀድመው የተመረጡ የሁለት ወይም የሦስት ባለሙያዎችን ስም ይሰጠዋል። ተገልጋዮች በቀብሩ ላይ መገኘት ይችሉ እንደሆነም ባለሙያው በሕይወት ሳለ ከቤተሰቡ ጋር ሊነጋገርበት ይገባል።

ይህ ሁሉ ግን ዝርዝሩ ሲከፈት ነው። የይለፍ ቃሉን በታሸገ ፖስታ ያስቀመጠ ሰው፣ ተጨማሪው የማረጋገጫ ኮድ የሚላከው በጣት አሻራ ወደተቆለፈው የራሱ ስልክ መሆኑን በቀላሉ ይዘነጋዋል። ስለዚህ አስፈጻሚው በፖስታው ውስጥ ባለው መመሪያ ብቻ እየተመራ እስከ መግቢያው ድረስ መድረሱን ሁለቱም አብረው ቢሞክሩት ይበጃል።

ከሞት ይልቅ አቅም ማጣት ይበልጥ ያወሳስባል። ስትሮክ የመታው ሰው መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም፤ የማስታወስ ችሎታው እየደከመ የመጣ ሰው ደግሞ ድካሙን ራሱ ላያስተውለው ይችላል። ሰነዱ ባለሙያው ምን ያህል ቀጠሮ ሳያሳውቅ ካስታጎለ አስፈጻሚው ሥራውን እንደሚጀምርና «ከእንግዲህ ሥራ አቁም» የማለት ሥልጣን የማን እንደሆነ በግልጽ ሊወስን ይገባል። ጤነኛ ሳሉ በፊርማ ያልተሰጠ ሥልጣን በኋላ ጭቅጭቅ ያስነሳል።

መዝገቦቹም ከባለሙያው ጋር አይቀበሩም። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር እ.ኤ.አ. የ2007 መመሪያ፣ ሌላ ሕግ ከሌለ፣ የአዋቂ ሰው መዝገብ ከመጨረሻው አገልግሎት በኋላ ለ7 ዓመታት እንዲቆይ ይመክራል፤ ስለዚህ ማን፣ የት እንደሚያስቀምጠውና ማን እንደሚያስወግደው በሰነዱ መወሰን አለበት። ተገልጋዩም አስፈላጊ ሲሆን አንድ ባልደረባ ስሙንና ስልኩን እንደሚያይ በመጀመሪያው የስምምነት ቅጽ ላይ አንብቦ መፈረም ይኖርበታል። ይህ ሰውን ያስፈራል የሚሉ አሉ፤ በረጋ መንፈስ ከተነገረው ግን ተገልጋዩ እንደታሰበለት የሚያውቅበት ይመስለኛል። ዝርዝሩ ደግሞ አዲስ ሰው በመጣና ነባሩ በጨረሰ ቁጥር መታደስ አለበት፤ አለዚያ አስፈጻሚው የሚደውለው ምክክሩን ከጨረሱ ዓመታት ላለፏቸው ሰዎች ይሆናል።