ባልቲሞር ወደብ፣ ከምፅዋ ባሕረኛ ጋር

ሜሪላንድ ያለችው ባልቲሞር ከምንኖርበት ከሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም። ወደቡ ላይ ጡረታ የወጡ መርከቦች ሙዚየም ሆነው ቆመዋል። ይህን ለጎረቤቴ ስነግራቸው ቡናቸውን እንኳ አልጨረሱም። ድሮ ምፅዋ በባሕር ኃይል ያገለገሉ ሰው ናቸው። «ታዲያ ምን ተቀምጠን እናወራለን?» ብለው ኮታቸውን አነሱ።

የጀመርነው «ቶርስክ» ከምትባለው ሰርጓጅ መርከብ ነው። አፍንጫዋ ላይ የሻርክ ጥርስ ተስሎባታል። ኦገስት 14 ቀን 1945 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ሁለት የጃፓን ጠረፍ ጠባቂ መርከቦችን አሰጠመች። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ትሩማን ጃፓን እጅ መስጠቷን የተናገሩት በዚያው ዕለት ማታ ነው። የእነዚያ መርከቦች ሰዎች ጦርነቱ ሊያልቅ ሰዓታት ሲቀሩት መሞታቸው አሁንም ከአእምሮዬ አልወጣም።

መርከቧ 95 ሜትር ያህል ትረዝማለች። ውስጧ ግን ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። ከክፍል ክፍል የሚታለፈው በክብ በር ነው፤ መጀመሪያ እግር፣ ከዚያ ጭንቅላት። ወደ 80 ሰው ኖሮባታል። ከፊሉ የሚተኛው ቶርፔዶ አጠገብ በተዘረጋ አልጋ ላይ ነው። የናፍጣው ሽታ እስከ ዛሬ አልለቀቃትም። ጋሼ በክብ በሩ ከእኔ ቀድመው ሾለኩና ዞር ብለው፣ «እኔ የኖርኩት ከውኃ በላይ ነው፤ ይሄ በቁም መቀበር ነው» አሉኝ።

ቀጥሎ «ኮንስቴሌሽን»። በ1854 የተሠራች፣ ሦስት ምሰሶ ያላት የእንጨት መርከብ ናት። የአሜሪካ ባሕር ኃይል በሸራ ብቻ እንድትሄድ ካሠራቸው የጦር መርከቦች የመጨረሻዋ እሷ ናት። እዚህ ላይ ብዙ ቆየን። ከእርስ በርሱ ጦርነት በፊት በምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ስትዞር፣ ሥራዋ ባሪያ የጫኑ መርከቦችን ማሳደድ ነበር። በሴፕቴምበር 1860 ከኮንጎ ወንዝ አፍ አካባቢ «ኮራ» የተባለችውን መርከብ በሌሊት አባርራ ያዘቻት። ውስጧ 705 ሰዎች ታጭቀው ነበር።

ነፃ ወጡ። ግን ወደ አገራቸው አልተመለሱም፤ የተወሰዱት ወደ ላይቤሪያ ነው። ለመርከበኞቹ ደግሞ በሕጉ መሠረት ነፃ በወጣ ሰው ልክ በነፍስ ወከፍ 25 ዶላር ጉርሻ ይከፈል ነበር። ይህ ሁሉ ሲሆን አሜሪካ ውስጥ፣ እዚሁ ሜሪላንድም ጭምር፣ ሰው መሸጥና መግዛት ሕጋዊ ነው! ባሕር ላይ ወንጀል፣ ምድር ላይ ንግድ። ጋሼ መድፎቹን እየዳበሱ፣ «እንግዲህ የያዘቻቸው ትመስገን፤ ሌላውን ለዳኞቹ ተውላቸው» አሉ።

የዳኛም ነገር አልቀረም። ሦስተኛዋ መርከብ የጠረፍ ጥበቃ የነበረች ስትሆን ስሟ «ቴኒ» ነበር። ሮጀር ቴኒ በ1857 ጥቁር ሰው የአሜሪካ ዜጋ ሊሆን አይችልም ብሎ የፈረደው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ነው። በ2020 ሙዚየሙ ስሙን ከመርከቧ ላይ አወረደው። ዛሬ የምትጠራው በቁጥሯ ነው፤ 37። እኔ በበኩሌ ጥሩ አድርገዋል ባይ ነኝ። መርከቧ ምንም አላጠፋችም። እንዲያውም በ1941 ጃፓን ሃዋይ ያለውን የባሕር ኃይል ሰፈር ፐርል ሃርበርን ስትደበድብ፣ እዚያው አጠገብ ሆኖሉሉ ወደብ ቆማ ተኩሳለች። ያን ቀን እዚያ ከነበሩት የጦር መርከቦች ዛሬም ውኃ ላይ ያለችው እሷ ብቻ ናት።

ጋሼ ዝም ያሉት እዚህች ላይ ነው። ቧንቧውን፣ በቀለም ላይ ቀለም የተደራረበበትን ግድግዳ፣ ቀጭኑን የብረት ደረጃ ያያሉ። «የኛዋን ትመስላለች» አሉ።

የእሳቸዋ «ኢትዮጵያ» ናት። አሜሪካ ሠርታ በ1944 «ኦርካ» ብላ ፊሊፒንስ አዋጋቻት። በ1962 ለእኛ ተሰጠችና የባሕር ኃይላችን ትልቋ መርከብ ሆነች። ምልምሎች የሰለጠኑባት፣ በባሕር ኃይል ቀን ምፅዋ ላይ አሸብርቃ የቆመች እሷ ናት። በ1991 ደርግ ሲወድቅ ወደ የመን ሸሸች። በ1993 ለብረታ ብረት ተሸጠች።

«እንዲህ ቀለም ቀብቶ የሚያቆማት ጠፋ?» አልኳቸው።

«የት ላይ ልታቆማት ነው? ጣና ላይ?»

ይህን ስንባባል አንድ ሸምገል ያለ በጎ ፈቃደኛ አስጎብኚ ቀረበንና በየትኛው መርከብ እንዳገለገሉ ጠየቃቸው። «ኦርካ» አሉት፣ በአሜሪካ ስሟ። ሰውዬው ዓይኑ በራ። ከጦርነቱ በኋላ የ«ኦርካ» እህት መርከቦች 18ቱ ለጠረፍ ጥበቃው ተሰጥተው ነበር። እሱም በወጣትነቱ ከአንዷ ላይ ሠርቷል። ከዚያ በኋላ እኔን የሚያስታውሰኝ ጠፋ። ስለ ናፍጣ ሞተር ጀመሩ፣ ስለ ማዕበል ቀጠሉ፣ ወጥ ቤቱ የት እንደነበር ተከራከሩ። በዚህ መሃል የመዝጊያ ሰዓት ደረሰ። በ1930 የተሠራችውን፣ ለሌሎች መርከቦች በመብራት መንገድ የምታሳየውን መርከብ «ቼሳፒክ»ን ሳናያት ወጣን። ጋሼ አላዘኑም፤ የሰውዬውን ስልክ ይዘዋል።