ዳታቤዙን ሲገድለው የነበረው ፕሮክሲው ነው

ደሴ ውስጥ የአንድ ኮሌጅ ሲስተም ከሚከታተሉት ልጆች አንዱ ነኝ። ይሄን የምጽፈው ፕሮክሲ (የተጠቃሚውን ጥያቄ ተቀብሎ ከኋላ ላለው ሰርቨር የሚያስተላልፍ ፕሮግራም) ከፊት አስቀምጣችሁ ለምትሰሩ ነው፣ በተለይ የበፈር (ዳታ ለጊዜው የሚቀመጥበት ሜሞሪ) ቁጥሮችን ከሆነ ቦታ ኮፒ አድርጋችሁ ለጥፋችሁ የምታልፉ ከሆነ በደንብ አንብቡት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተማሪ ውጤት በሚለቀቅበት ሰሞን ዳታቤዙ፣ ማይኤስኪውኤል፣ ድንገት ይሞታል፣ ራሱ ይነሳል፣ ትንሽ ይሰራል፣ ደግሞ ይሞታል። ሬጅስትራር ያሉት እናት ይደውላሉ፣ "ኧረ ልጄ፣ ከመካነ ሰላም ከወገል ጤና ድረስ ስልክ እየመጣ ነው፣ ግማሹ ደግሞ በሬ ላይ ቆሟል፣ ምን ልበላቸው?" "አብሽሩ እትዬ፣ እያየነው ነው" እንላቸዋለን። ሲስተሙን የሰራው ባለሙያ በስልክ "ዳታቤዙ ሜሞሪ አንሶት ነው፣ በፈር ፑሉን (ዳታቤዙ ለራሱ የሚይዘውን ሜሞሪ) ጨምሩለት" አለ፣ ተጨመረለት፣ ባሰበት፣ ጭራሽ ቶሎ ቶሎ መሞት ጀመረ።

የከርነሉን (የሊኑክስ እምብርት የሆነውን ክፍል) ሎግ ስናይ "አውት ኦፍ ሜሞሪ" ብሎ ማይኤስኪውኤልን ራሱ ከርነሉ እንደገደለው ተጽፏል። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሊኑክስ ሜሞሪ ሲያልቅበት የሚገድለው ሜሞሪውን የጨረሰውን ጥፋተኛ ፈልጎ አይደለም፣ በዚያች ሰዓት በአብዛኛው ብዙ ሜሞሪ ይዞ ያገኘውን ፕሮሰስ ነው። የኛ ሰርቨር 4 ጊጋ ራም ያለው ነው፣ ዳታቤዙም፣ ሲስተሙን የሚያስኬደው አፓቺም፣ ከፊት ያለው ፕሮክሲ ኤንጂንኤክስም እዚያው ላይ ናቸው፣ ከሁሉም ትልቁ ማይኤስኪውኤል ስለሆነ በትሩ እሱ ላይ ያርፋል። በፈር ፑሉ ሲጨመርለት ደግሞ ይበልጥ ታዳኝ ሆነ ማለት ነው።

ስለዚህ የሞተውን ትተን ያሉትን ማየት ጀመርን፣ ቶፕ (እያንዳንዱ ፕሮሰስ የያዘውን ሜሞሪ የሚያሳይ ትዕዛዝ) ከፍተን ስንጠብቅ የኤንጂንኤክስ ወርከሩ (ጥያቄዎቹን የሚያስተናግደው ፕሮሰስ) ሜሞሪ እያበጠ እያበጠ ከአንድ ጊጋ አለፈ። ኤንጂንኤክስን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ወርከሩ በደህና ጊዜ ጥቂት አስር ሜጋባይት ነው የሚይዘው፣ ጊጋ ከገባ የሆነ ቦታ የሆነ ነገር ተከምሯል ማለት ነው።

ኮንፊጉን ከፈትነው። ፕሮክሲ በፈርስ የሚለው ቦታ ላይ 64 በፈር፣ እያንዳንዱ 256 ኪሎባይት ተብሎ ተቀምጧል። አባዙት፣ 16 ሜጋባይት ነው። ይሄ ደግሞ ለሰርቨሩ በሙሉ አይደለም፣ ለእያንዳንዱ ኮኔክሽን ነው! ተማሪው የሚያወርደው ውጤት ፎቶና ማህተም ያለበት 5 ሜጋባይት ገደማ የሆነ ፒዲኤፍ ነው፣ 400 ተማሪ በአንዴ ቢያወርድ 2 ጊጋ ሜሞሪ ፕሮክሲው ጋ ብቻ ይቀመጣል።

"ታዲያ ቢሮ ውስጥ ሲሞከር ለምን አልታየም" ትሉ ይሆናል፣ ዋናው ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። በፈር የሚያስፈልገው አፓቺው ፈጣን፣ ተማሪው ስልክ ላይ ያለው ኔትወርክ ደግሞ ቀርፋፋ ስለሆነ ነው። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ቤት ውስጥ በርሜል እንደሚቀመጠው ነው፣ ሲመጣ በፍጥነት ይሞላል፣ ቤተሰቡ ቀስ እያለ ይቀዳል። አፓቺው ፒዲኤፉን በአፍታ ለፕሮክሲው አስረክቦ ወደ ሌላ ተማሪ ይሄዳል፣ ፕሮክሲው ይዞ ቀስ እያለ ይልካል። ኤንጂንኤክስ ደግሞ 64ቱን በፈር ገና ከመጀመሪያው አይወስድም፣ መልሱ እየመጣ ሲሄድ አንድ በአንድ ነው የሚጨምረው። ቢሮ ውስጥ በኬብል የተገናኘ ኮምፒውተር ላይ ስትሞክሩት የተሞላው በፈር ወዲያው ይለቀቅና መልሶ ይሰራበታል፣ ሜሞሪው አይነቃነቅም። ባቲ ወይ ሐይቅ ሆኖ ኔትወርክ አንዴ መጥቶ አንዴ የሚጠፋበት ልጅ ጋ ሲሆን ግን ያ 5 ሜጋ ደቂቃዎች ቁጭ ይላል፣ አጠገቡም መቶዎች ተደርድረዋል። የኔትወርክ ግንኙነቶችን የሚያሳየውን ኤስኤስ የሚለውን ትዕዛዝ ብታዩት ወደ ተማሪዎቹ በሚሄዱት ሶኬቶች ላይ ያልተላከ ዳታ ተቆልሎ ታገኙታላችሁ፣ እኛም ያየነው እሱን ነው።

ያ ቁጥር እንዴት እዚያ እንደገባም ደረስንበት። ከዚህ በፊት 502 ባድ ጌትዌይ የሚል ስህተት ይመጣ ነበር፣ ሎጉ ላይ "አፕስትሪም ሴንት ቱ ቢግ ሄደር" ይላል፣ ምክንያቱ ሲስተሙ የሚልከው ኩኪ ረጅም መሆኑ ነው። የመልሱ ሄደር (ከገጹ ቀድሞ የሚላከው፣ ኩኪውም ያለበት መረጃ) በሙሉ ፕሮክሲ በፈር ሳይዝ በሚባለው አንድ በፈር ውስጥ መግባት አለበት፣ ዲፎልቱ (ካልነካችሁት የሚይዘው ቁጥር) እንደ ማሽኑ 4 ወይም 8 ኪሎባይት ነው። ለዚህ መፍትሄው እሱን ብቻ ወደ 16 ማሳደግ ነው። ግን እሱን ብቻ ነክታችሁ ሌላውን፣ ፕሮክሲ በፈርስን፣ በዲፎልቱ 8 በ4 (8 በፈር፣ እያንዳንዱ 4 ኪሎባይት) ከተዋችሁት ኤንጂንኤክስ አልነሳም ይላል፣ ምክንያቱም ቢዚ በፈርስ የሚባለው ሦስተኛው ቁጥር (ወደ ተጠቃሚው በመላክ ላይ ላሉ በፈሮች የተቀመጠው ገደብ) ሳትጽፉት ከሁለቱ የትልቁን በፈር እጥፍ ይይዛል፣ ማለትም 32 ኪሎባይት፣ ይሄ ደግሞ ከጠቅላላው በፈር ላይ አንዱ ተቀንሶ ከሚቀረው ከ28 መብለጥ የለበትም። ስህተት መልዕክቱን በጥድፊያ ያነበበ ሰው "በቃ ሁሉንም አሳድገው" ይላል፣ ከዚያ 502ው ይጠፋል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል፣ ችግሩ ውጤት እስኪለቀቅ ድረስ ተኝቶ ይጠብቃል።

መሃል ላይ አንዱ ልጅ "በፈሪንጉን ጭራሽ ብናጠፋውስ" ብሎ ነበር። አይሆንም። ከጠፋ አፓቺው ራሱ ቀርፋፋውን ስልክ መጠበቅ አለበት፣ የኛ አፓቺ በራም ማነስ ምክንያት በአንዴ ከ40 በላይ እንዳያስተናግድ ተገድቧል፣ 40 ቀርፋፋ ስልክ ሲይዘው 41ኛው ተማሪ የመግቢያውን ገጽ እንኳን አያይም።

ያደረግነው ይሄ ነው፣ ሄደሩን 16 ኪሎባይት፣ በፈሮቹን 8 በ16 አደረግን፣ በፈሮቹ ብቻ ጠቅላላ 128 ኪሎባይት ለአንድ ኮኔክሽን። የተረፈው ዲስክ ላይ ወዳለ ጊዜያዊ ፋይል ይፈሳል፣ ድሮ 5 ሜጋው 16ቱ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ስለሚገባ ዲስኩን ነክቶት አያውቅም። "ዲስክ ቀርፋፋ ነው" የሚል ስጋት ተነስቶ ነበር፣ ግን አሁን የተጻፈን ፋይል ከርነሉ በራሱ ካሽ (ፋይል ለጊዜው በሚያቆይበት ሜሞሪ) ውስጥ ያቆየዋል፣ ሜሞሪ ሲጠብ ደግሞ ያን ካሽ ለሌላ መልቀቅ ይችላል፣ ወርከሩ የያዘውን ግን እንደዚያ አድርጎ መንጠቅ አይችልም። በዚያው ሰዓት ወርከሩ ወደ ጥቂት አስር ሜጋባይቱ ተመለሰ፣ ማይኤስኪውኤሉም መሞቱን አቆመ።

በኋላ ደግሞ ፒዲኤፉ ጭራሽ በአፓቺ በኩል እንዳይመጣ አደረግን። አፓቺው ተማሪው የራሱን ውጤት እየጠየቀ መሆኑን ብቻ ያረጋግጥና ኤክስ አክሰል ሪዳይሬክት የሚባለውን ሄደር ይመልሳል፣ ፋይሉን ኤንጂንኤክስ ራሱ ከዲስክ አንስቶ ይልካል፣ የፕሮክሲ በፈር የሚባል ነገር ውስጥ አይገባም። የሚቀጥለው ውጤት ሲለቀቅ በዚያችው 4 ጊጋ ራም ላይ ነው ያስተናገድነው፣ እትዬም የደወሉት ፓስወርዱን ስለረሳ አንድ ልጅ ነው።