ፈረሱ አልለመነም

ማይኩን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ጥፋቱም የኔ ነው።

ኮምቦልቻ በአንድ የግል ትምህርት ቤት የኮምፒውተር መምህር ነበርኩ። ገመድ ያለው ነገር ሁሉ የሚጠየቀው ከኔ ነው። አንድ ቅዳሜ ለትንንሾቹ ፊልም እናሳይ ተባለና በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣውን "ስፒሪት" የተባለ አኒሜሽን መረጥን። በአሜሪካ ምዕራብ ሜዳ ላይ ስለሚኖር ያልተገራ ድንጉላ ፈረስ ነው። ርዕሰ መምህሩ "እንግሊዝኛው ያመልጣቸዋል፤ አንተ እየተረጎምክ ንገራቸው" አለኝ። የትርጉም ፊልም ስናይ ያደግን ሰዎች ነን። ምን አላት ብዬ ገባሁበት።

ገና ስሙ ላይ ተሳሳትኩ። ስፒሪትን "መንፈስ" ብዬ ተረጎምኩት። ወሎ ውስጥ፣ መብራት በጠፋ አዳራሽ፣ ለስድስት ዓመት ልጅ "አሁን መንፈስ ይመጣል" ይባላል? ፊት ወንበር ላይ የነበረች ልጅ አለቀሰች። እዚሁ አገር የደሴው ንጉሥ ሚካኤል በፈረስ ስማቸው አባ ሻንቆ ሲባሉ የኖሩ ናቸው። "አባ" ብዬ አንድ ነገር ብጨምርበት ምን ነበረበት? አልመጣልኝም።

ዋናው ጣጣ ግን ሌላ ነው። በዚህ ፊልም ፈረሶቹ አይናገሩም። ያሽካካሉ፣ ያንኮራፋሉ፣ በቃ። ባለታሪኩ በልቡ ያለውን ማት ዴመን አልፎ አልፎ ይተርክለታል፤ ብራያን አዳምስ ደግሞ ይዘፍንለታል። እኔ ማይክ ይዤ ዝም ስል ደመወዝ ያለ ሥራ የምበላ መሰለኝ። ስለዚህ ሁሉንም አስወራኋቸው። እናትየዋን "ልጄ፣ ራትህን ብላ" አስባልኳት። ልጆቹ ሳቁ። ሲስቁ እኔ ባሰብኝ።

ከዚያ ወታደሮቹ ፈረሱን ይይዙታል። አልገራ ሲላቸው ኮሎኔሉ ለሦስት ቀን ያለ ምግብና ያለ ውሃ ግንድ ላይ ታስሮ እንዲቆይ ያዛል። እዚህ ጋ ድምፄን አሳዘንኩና "እባክህ ጌታዬ፣ ትንሽ ውሃ ብቻ..." አልኩ።

"ኧረ እሱ አልለመነም!"

ከኋላ ነው። ልጆቹን ጠዋትና ማታ በጋሪ የሚያመላልሱት አባት፣ እስኪያልቅ ብለው በሩ አጠገብ ተቀምጠው ኖሯል። "ጆሮውን እየው እንጂ! ይሄ ይለምናል?" አዳራሹ ጸጥ አለ። እኔም ያን ጊዜ ገና ፈረሱን አየሁት። ለካ እስካሁን የማየው የራሴን ቀልድ ነበር።

ሲያልቅ ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ይቅርታ ልጠይቅ ሳይሆን ልነጫነጭ ነው የሄድኩት። በልጆቹ ፊት አሳፍረውኛላ። ጋሪያቸው አጥሩ ጥግ ቆሟል።

"አብሽር ልጄ፣ ክፉ አስቤ አይደለም" አሉኝ ገና ሳልጀምር። ከዚያ የፈረሳቸውን አንገት እየዳበሱ አስተማሩኝ። ሁለቱም ጆሮዎቹ ወደ ፊት ከቆሙ የሰማው ወይ ያየው ነገር አለ። ወደ ኋላ ልጥፍ ካሉ ተቆጥቷል፤ አትጠጋው። አንዱ ወደ ፊት አንዱ ወደ ኋላ ከሆነ መንገዱንም እሳቸውንም እያዳመጠ ነው። "ስንት ዓመት አብረን ስንሠራ አንድ ቀን 'እባክህ' ብሎኝ አያውቅም። ሲደክመው ይቆማል። ያኔ እኔ እወርዳለሁ።"

ተሰናብቻቸው ስዞር ጠሩኝ።

"ለመሆኑ ያን ፈረስ ማነው የሳለው?"

"ምነው?"

"ቅንድብ አበቀለለት እኮ። ፈረስ ቅንድብ አለው?"

እውነታቸውን ነው። የፊልሙ ፈረሶች እንደ ሰው ቅንድብ አላቸው። ስሜታቸው እንዲታይ ብለው ይሆናል አልኳቸው።

"ጆሮው አይበቃም ነበር?"

ለዚህ መልስ አልነበረኝም።

በሳምንቱ ለከፍ ያሉት ክፍሎች ደግመን አሳየን። ስሙን "ስፒሪት" ብዬ ተውኩት። ሰዎቹ ሲናገሩ ተረጎምኩ፣ ተራኪው ሲናገር ተረጎምኩ፣ በቀረው ማይኩን አጠፋሁ። ከባድ ነው፤ እጄ ማጥፊያዋ ላይ ስንት ጊዜ ተንቀጠቀጠ። ርዕሰ መምህሩ በበሩ ብቅ ብሎ "ተበላሸ እንዴ?" አለኝ በምልክት። ራሴን ነቀነቅኩ።

ኮሎኔሉ ፈረሱ ላይ ወጣ። ፈረሱ በረሃብና በጥም ዝሏል። ኮሎኔሉ ገራሁት ብሎ በኩራት መናገር ጀመረ። እኔም ንግግሩን ብቻ ተረጎምኩና ዝም አልኩ። ያን ጊዜ በጋሪው የምትመላለስ አንዲት ልጅ ጓደኛዋን በክርኗ ጎሰም አድርጋ፣

"ጆሮውን እዪው፤ አሁን ይጥለዋል" አለች።

ጣለው።